አራቱ ባልንጀሮች፤ ስለ ተማሪዎች መረዳዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት ብዙ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ወደ ለቀማ ስለሚወርድ የትምህርት ቤቱ ወንበር ይሳሳል። ለቀማው ሲያልቅ ልጁ ይመለሳል፤ ትምህርቱ ግን እርሱን ሲጠብቅ አልቆየም። ከጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር እንዲህ ያለ አንድ ተማሪ ወደ ክፍሉ ተመለሰ እንበል። ከጎኑ የሚቀመጠው ባልንጀራው ደብተሩን ይገልጥለታልን ወይስ ይከድንበታል? ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የነፍስ ጉዳይ ያለበት ስለ ሆነ ልንመረምረው ይገባናል።

በቅዱስ ወንጌል ሁለት ሕሙማን አሉ። አንደኛው በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የምናስበው መጻጉዕ ነው፤ 38 ዓመት የታመመው ይህ ሰው ለጌታችን የገለጠው ኀዘን፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። ሁለተኛው ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 2 የጻፈልን ሽባ ነው። እርሱ አራት ሰዎች ነበሩት። በሕዝቡ ብዛት በሩ ቢዘጋባቸው ጣራውን ነድለው ከነአልጋው በጌታ ፊት አወረዱት። ጌታም የእነርሱን እምነት ተመለከተ። አንድ ሰው በባልንጀሮቹ እምነት የተነሣ ወደ ጸጋ እንደሚቀርብ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ልብ አድርገን እንይ። አራቱ ሰዎች ሽባውን ተሸከሙት እንጂ ስለ እርሱ አልተራመዱለትም። ወደ መድኃኒቱ ካደረሱት በኋላ አልጋውን ተሸክሞ በገዛ እግሩ የሄደው እርሱ ራሱ ነው። እውነተኛ ርዳታ ሰውን በእግሩ ያቆማል፤ በሌላው ትከሻ ላይ ሲኖር እንዲቀር አይተወውም።

አባቶቻችን ይህን በአብነት ትምህርት ቤት በሥራ ያውቁት ነበር። የበሰለው ተማሪ ለጀማሪው ቃሉን ያስጠናዋል፤ ለምኖ ያገኘውን ቁራሽ ከታመመው ባልንጀራው ጋር ይካፈላል። ነገር ግን በመምህሩ ፊት ቀርቦ የተማረውን የሚያሰማው እያንዳንዱ በራሱ አንደበት ነው፤ በባልንጀራ አንደበት የሚያሰማ የለም።

በዘመናችን ይህ ድንበር ፈርሶ አይተናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በስርቆትና በኩረጃ ስለ ተበላሸ፣ የ2014 ዓ.ም. ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ ሲገለጥ ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆኑ። የዚህ ውድቀት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በልጆቻችን ላይ አንጭንም። ሆኖም መልስ ማስገልበጥን ወዳጅነት ብለን የጠራነው ሁሉ ልናዝን ይገባናል። መልስ ያስገለበጠ ተማሪ ባልንጀራውን ከአልጋው አላስነሣውም፤ ይልቁንም አልጋውን አለሰለሰለት።

ደግሞም ሌላ ፈተና አለ፤ እርሱም ቅንዓት ነው። ብዙ ጎበዝ ተማሪ፣ «ባስረዳው ይበልጠኛል» ብሎ ይሠጋል። ይህን ሥጋት የሚያርቅልን የሁለት ቅዱሳን ተማሪዎች ታሪክ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ ለትምህርት ወደ አቴና በሄደ ጊዜ፣ ኋላ ነባቤ መለኮት የተባለው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ቀድሞት በዚያ ነበር። አዲስ መጪውን ተማሪ ማዋከብና መሣቂያ ማድረግ የከተማው ልማድ ስለ ነበረ፣ ጎርጎርዮስ ተማሪዎቹን ለምኖ ባልንጀራውን ከዚህ ውርደት አዳነው። ባስልዮስ ካረፈ በኋላም እንደ መሰከረለት፣ የእነርሱ ፉክክር አንደኛነትን አንዱ ለሌላው በመልቀቅ ነበር። ከሁለቱ ማንም በዚህ አልጎደለም፤ ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሆኑ።

ዕውቀት እንደ እህል ተሰፍሮ አይጎድልም። በትንሣኤ ሌሊት ከአንዱ ጧፍ ሌላው ሲለኮስ የፊተኛው ብርሃን እንደማይቀንስ ሁሉ፣ ያስረዳ ተማሪም የሚያውቀውን ያጸናል። በቋንቋችን መርዳት፣ መረዳትና ማስረዳት በድምፅ መቀራረባቸው ይህን ያስታውሰናል።

በጅማ በአንድ ወንበር ላይ ሃይማኖታቸውና የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተለያየ ልጆች ይቀመጣሉ። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ወገኑን ሳይጠይቅ እንዳነሣው፣ ልጆቻችንም ደብተራቸውን ሲገልጡ የባልንጀራቸውን ወገን አይጠይቁ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ማታ ሲገባ «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ዛሬ ማንን ረዳህ?» ደግሞ በሉት። እናንተም ተማሪዎች ሆይ፤ ከለቀማ የተመለሰውን፣ ታሞ የሰነበተውን፣ ለመጠየቅ የሚያፍረውን ፈልጉት። የአልጋውን አንድ ማዕዘን ያዙ፤ ብቻችሁን ከከበዳችሁም ሦስት ባልንጀሮች ጨምሩ። ጌታ የእናንተን እምነት አይቶ እርሱን ያነሣዋል፤ በፈተናው ቀን ግን በገዛ እግሩ ይሂድ።

የአራቱን ባልንጀሮች እምነት የተመለከተ አምላክ ልጆቻችንን በጥበብና በፍቅር ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።