እጅ ሲደነዝዝ ተጠያቂው ብርድ ብቻ አይደለም

እንደሚታወቀው፣ የመንዝና የግሼ ደገኛ ብርዱን የሚቋቋመው በበግ ፀጉር ነው። ይሁን እንጂ ፀጉሩ ባና፣ ዝተት ወይም በርኖስ እስኪሆን ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ይሸለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ በመጨረሻም ይሸመናል። ለአንድ ሸማኔ የሚበቃውን ፈትል ለማቅረብ የብዙ ሴቶች ጉልበት ያስፈልጋል።

የፈታይዋ እንቅስቃሴ ሲታይ ቀላል ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይቆነጥጣሉ፣ አንጓ ይጠመዘዛል፣ እንዝርት ይሾራል። ጉዳቱ የሚመነጨው ከክብደቱ ሳይሆን ከድግግሞሹ ነው። ድንጋይ የወደቀበትን እጅ ሁሉም ያየዋል፤ በድግግሞሽ የተጎዳውን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቀው የለም። በአንጓ ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፉት ጅማቶች ሲያብጡ ነርቩን ይጫኑታል። ሌሊት ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ይነዝራሉ፤ ውሎ ሲያድር ሲኒ ከእጅ ያመልጣል። ሳይታሰብበት ይሠራ የነበረ እጅ በየቅጽበቱ የሚታሰብበት፣ የሚፈራ ባዕድ አካል ይሆናል።

ታዲያ ሕመምተኛዋ «የብርድ ቁርጥማት ነው» ብላ ትተወዋለች፤ ጎረቤትም ስንፍና ይለዋል። በእርግጥ ብርድ ያባብሰዋል። ነገር ግን የሥራውን ድርሻ በአየር ጠባይ ማሳበብ መፍትሔውን መሰወር ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በሙያተኞች በሽታ ላይ በጻፈው መጽሐፉ የ1713 እ.ኤ.አ. እትም፣ ያለማቋረጥ በመጻፍ የጸሐፊዎች እጅ እንደሚጎዳ አስረድቷል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የሙያ በሽታዎች ዝርዝርም ይህ የአንጓ ነርቭ ሕመም በስሙ ተጠቅሷል።

በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሱፍን ሥራ ወደ መኪና አሸጋግሯል፤ መኪና ግን ድግግሞሽን አያስቀርም። ሆኖም የፋብሪካ ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራው የመጣ በሽታ እንደ ሥራ ጉዳት እንዲቆጠርለት መጠየቅ ይችላል። ፈትሏን ገበያ አውጥታ የምትሸጠው ሴት ግን አሠሪ የላትምና የምትጠይቀው ወገን የለም። ዕረፍት ባደረገች ቁጥር ገቢዋ ስለሚቀንስ ሕመሟን ደብቃ ትፈትላለች።

ስለዚህ ጉዳዩ ለግለሰብ ትዕግሥት ብቻ የሚተው አይደለም። በቤት ውስጥ ፈትሉን መፈራረቅ፣ በየመሐሉ እጅን ማሳረፍ፣ መደንዘዝ ሲጀምር ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የቀበሌ ኗሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራትም ሕመሙን በስሙ ጠርተው ሊወያዩበት፣ የፈትል ዋጋም የፈታይዋን ዕረፍት እንዲያካትት ሊጥሩ ይገባል። ምርቱን የሚወድ ሁሉ፣ ምርቱን ያስገኘውን እጅ መጠበቅ ግዴታው ነው።