ዳገት ላይ የምትፈላው ዲኤክስ
ከአባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላም የሚወጣው ዳገት ከአባት ለልጅ ለተላለፈች ዲኤክስ ቀላል አይደለም። የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ሲጠጋ ጥግ ይዘው ያቁሙ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ ልጆቹን ያውርዱ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ትኩስ ሳለ እንዳይነኩት! እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። እስኪቀዘቅዝ ይታገሡ፤ የተያዘው ቆሎ ለዚህ ነው።

በ2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩን የሚታደገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፤ በእሱ ምክንያት ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የክዳኑን ጎማ ይዩ። ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ሞተር ከማስፈታትዎ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ። ቀጥሎ ቱቦዎቹንና የውሃ ፓምፑን ቺንጊያ ይመልከቱ። የጎደለውን በውሃ ሞልተው ይድረሱ፤ ከተማ ሲገቡ ግን በኩላንት ያስቀይሩት፤ ተራ ውሃ ራዲያተር ያዝጋል።