የሳምንቱ የአየር ጠባይ ትንበያና የወባ ትንኝ

በዱርቤቴ ከተማ በክረምት ወራት የሳምንቱን የአየር ጠባይ ትንበያ የሚሰማ ሰው፤ ዝናብ ይበረታል ሲባል ይከፋዋል፤ ብራ ይሆናል ሲባል ደስ ይለዋል። እኛ ግን በጤና በኩል ስንመለከተው፤ ይበልጥ የሚያሠጋው ከዝናቡ ቀጥሎ የሚመጣው የብራ ሳምንት መሆኑን ለማስገንዘብ እንወዳለን።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ብርቱ ዝናብ በጣለ ጊዜ ጎርፉ የትንኝን ዕጭ ጠርጎ ይወስዳል። ዝናቡ ጋብ ሲል ግን፤ የከብት ኮቴ በረገጠው ሜዳና ለምርጊት ጭቃ በተቈፈረ ጕድጓድ ያቈረው ውሃ ይረጋል። የወባ ትንኝ እንቍላሏን የምትጥለው በዚህ ፀሐይ በሚያሞቀው ውሃ ላይ ነው። እንቍላሉም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይበርራል።

የአየር ጠባይ መለወጥ የሚያመጣውን ጉዳት አገራችን ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ አይታለች። ዝናቡና ሙቀቱ ከልማድ በላይ ሆኖ ስለ ነበር፤ ከፍታቸው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሆኑ ቦታዎች ወባ ተዛምቶ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለመጪው ሳምንት ዝናቡ እንደሚቀንስ ባስታወቀ ጊዜ፤ እያንዳንዱ የቤት ባለቤት በግቢው የረጋውን ውሃ በ7 ቀን አንድ ጊዜ ያፍስስ፤ ጕድጓዱንም ይድፈን። መምህራንም ትንበያውን ለተማሪዎቻቸው አንብበው፤ ዕጩን በረጋ ውሃ ውስጥ ለይተው እንዲያውቁት ቢያሳዩአቸው ትምህርቱ ወደየቤቱ ይደርሳል። ማታ ማታ በአጎበር ውስጥ መተኛት፤ ትኵሳት የተሰማውም ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ማስመርመር ይገባዋል።