የዲፕሎማት ያለመከሰስ መብትና በሰልፈኞች ላይ የሚፈጸም ጥቃት

የዲፕሎማት ያለመከሰስ መብት አንድ መንግሥት ወደ ሌላ አገር የላከው ዲፕሎማት በዚያ አገር ፖሊስ እንዳይያዝና በፍርድ ቤቱ እንዳይከሰስ የሚያደርግ የዓለም አቀፍ ሕግ ከለላ ነው። ይህ ከለላ በእጅጉ የሚፈተነው በኤምባሲ ደጃፍ ተቃውሞ በሚያሰሙ ሰዎች ላይ ከኤምባሲው በኩል ጥቃት ሲደርስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕጉ ምን ይላል?

መሠረቱ በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት ነው። አንቀጽ 22 የኤምባሲውን ግቢ፣ አንቀጽ 29 ዲፕሎማቱን ራሱን የማይደፈሩ ያደርጋቸዋል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ ከወንጀል ክስ ይጠብቀዋል። ሆኖም ዲፕሎማቱ ከሕግ በላይ አይደለም። አንቀጽ 41 የተቀባዩን አገር ሕግ እንዲያከብር ያስገድደዋል፤ በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ከመጠየቅም አይድንም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መብቱ የግለሰቡ ሳይሆን የላከው መንግሥት መሆኑ ነው፤ ሊያነሳው የሚችለውም ያው መንግሥት ብቻ ነው። ተቀባዩ አገር ምክንያት ሳይሰጥ «ተፈላጊ አይደለም» ብሎ ሊያባርረው ይችላል።

ላኪው መንግሥት መብቱን የሚያነሳበት ጊዜ አለ። በ1997 አንድ የጆርጂያ ዲፕሎማት ዋሽንግተን ውስጥ ሰክሮ ሲያሽከረክር የ16 ዓመት ልጃገረድ ሲገድል፣ አገሩ መብቱን አንስታ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። በሰልፈኞች ላይ ሲተኮስ ግን ነገሩ ይለያል፤ ሰልፉ የተጠራው መብቱን የማንሳት ሥልጣን በያዘው መንግሥት ላይ ነውና።

ለንደን፣ 1984

ኤፕሪል 17 ቀን 1984 የሙአመር ጋዳፊ ተቃዋሚዎች ለንደን በሚገኘው የሊቢያ ኤምባሲ ፊት ለፊት ተሰልፈው ሳለ ከሕንፃው መስኮት ጥይት ተርከፈከፈባቸው። አሥር ያህል ሰልፈኞች ቆሰሉ፤ ሥነ ሥርዓት ለማስከበር የቆመችው የ25 ዓመቷ ፖሊስ ኢቮን ፍሌቸር ተገደለች። ፖሊስ ሕንፃውን ከበበ እንጂ ሊገባበት አልቻለም። ብሪታንያ ግንኙነቷን አቋረጠች፤ በኤፕሪል 27 በሕንፃው የነበሩት ሰዎች ወደ አገራቸው ተሸኙ፤ የዲፕሎማቲክ ሻንጣዎቻቸው እንኳ አልተፈተሹም። በግድያው በወንጀል የተፈረደበት ሰው የለም።

የብሪታንያ ፓርላማ ጉዳዩን ቢመረምርም መንግሥት የቪየናው ስምምነት እንዲሻሻል አልጠየቀም፤ በውጭ ያሉትን የብሪታንያ ዲፕሎማቶች የሚጠብቀው ያው ሕግ ነው። ሊቢያ በ1999 ኃላፊነቱን ተቀብላ ለቤተሰቡ ካሳ ከፈለች። በ2021 ደግሞ የሟች የሥራ ባልደረባ ባቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ፍርድ ቤቱ አንድ ሊቢያዊ በግድያው በጋራ ተጠያቂ ነው ሲል ወሰነ። ይህም የሆነው ከ37 ዓመት በኋላ ነው።

ዋሽንግተን፣ 2014 እና 2017

ሴፕቴምበር 29 ቀን 2014 ተቃዋሚዎች ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግቢ ገብተው ሳለ አንድ የኤምባሲው ሠራተኛ ሽጉጥ መዝዞ ተኮሰ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መብቱ እንዲነሳ ጠየቀ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃደኛ ባለመሆኑ ሠራተኛው አገሩን ለቆ ወጣ። ያለፈቃድ ግቢ መግባት ጥፋት ነው ቢባል እንኳ፣ ግቢውን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት የተቀባዩ አገር ፖሊስ ነበር።

ሜይ 16 ቀን 2017 ደግሞ የቱርክ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ጠባቂዎች በአምባሳደሩ መኖሪያ አጠገብ ሰልፈኞችን ደበደቡ። ከ10 በላይ ጠባቂዎች ቢከሰሱም በአብዛኞቹ ላይ የቀረበው ክስ ኋላ ተነሳ። ተጎጂዎቹ ግን የቱርክን መንግሥት ራሱን በካሳ ከሰሱ። ቱርክ «ሉዓላዊ መንግሥት በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይከሰስም» ብላ ብትከራከርም በሁለት ደረጃ ተረታች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2022 ይግባኟን ሳይቀበለው ቀረ።