ግራና ቀኝ ያለው መድኃኒት

ከመስጂድ ስንወጣ በጥድፊያ የግራውን ጫማ በቀኝ እግራችን ብናጠልቅ ምን ይሆናል? ቁጥሩ ያው ነው፤ ቆዳውም ያው ነው፤ ግን እግራችንን ያሠቃየዋል። ብዙ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ከተመሳሳይ አቶሞች ተሠርተው እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚለያዩ ሁለት ቅርጾች አሏቸው።

የወላጆቻችንን እጅ የሚያንቀጠቅጠውን፣ እርምጃቸውን የሚያከብደውን የፓርኪንሰን በሽታ እንመልከት። ማስታገሻው ኤል-ዶፓ የሚጠቅመው በግራው ቅርጹ ነው። ቀኙ አይፈውስም፤ ሊጎዳም ይችላል። በተለመደው የላቦራቶሪ አሠራር ግን ሁለቱ እኩል በእኩል ተቀላቅለው ይወጣሉ።

መላ ከፈለጉት አንዱ አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልያም ኖውልስ ነበሩ። በ1968 እ.ኤ.አ. ሮዲየም የተባለውን ብረት ራሱ የአንድ ወገን ቅርጽ ካለው የፎስፈረስ ውህድ ጋር አጣመሩ። ይህ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር፣ የግራ ጫማ ብቻ እንደሚያወጣ ፎርማ ነው። የመጀመሪያው ውጤት አነስተኛ ነበር። በ1970ዎቹ ግን ከመቶው 97 ያህሉ የሚፈለገው ቅርጽ ሆነ፤ ሞንሳንቶ ኩባንያም ኤል-ዶፓን በዚህ መንገድ አመረተ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኖውልስ ከሪዮጂ ኖዮሪና ከባሪ ሻርፕለስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ወገኖቻችን! ኤል-ዶፓ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም፤ ሕመሙን ግን ያቀላል። በድንገት ማቆሙ አደጋ ስላለው ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ከዚያች ትንሽ ክኒን በስተጀርባ የብዙ ዓመታት ዒልም አለ።