ዛጎል ለባሹ የባሕር ዘበኛ

ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በውሃ ውስጥ ሽታም ቀለምም የለውም። ባሕሩን በጠርሙስ ቀድተን ብንመረምር የምናውቀው የዚያን ዕለቱን ብቻ ነው። ‹‹መስል›› የተባለው ዛጎል ለበስ እንስሳ ግን ከድንጋይ ተጣብቆ፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እያጣራ ስለሚመገብ ብክለቱ በሰውነቱ ይጠራቀማል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኤድዋርድ ጎልድበርግ ይህንኑ ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ሐሳብ አቀረበ፤ በ1976 በአገሩ ጠረፎች መስል እየተለቀመ ሲሲየምና ፕሉቶኒየም ይለካ ጀመር።

እኛስ? ባሕር ባይኖረን ወደ አዋሽ የሚፈሰው የሰበታ ወንዝ አለን። ከድንጋዩ ሥር የሚኖሩ አንዳንድ የነፍሳት እጮች ስለ ጨረር ባይነግሩንም፣ ቆሻሻ ሲበዛ ቀድመው ይጠፋሉ። እንግዲህ የነገ መምህራን፣ ላብራቶሪ የለንም ብለን አንቀመጥ፤ ተማሪዎቻችንን ወንዝ ወስደን ድንጋዩን እናስገልብጣቸው፤ ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና እናስታጥባቸው።