ከቡናው ሥር የሚኖሩት

በካፋ ደን ውስጥ ያለፈ ሰው አፈሩ እንደ ልብ ለም ነው ብሎ ይደመድማል። ከቦንጋ ተነስቶ በውሽውሽ በኩል ወደ ሚዛን የሚያመራው መንገድ ሺሺንዳ ሲደርስ ግራ ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብሳናው ከላይ፣ ቡናው ከጥላው ሥር። ይህን ሁሉ የሚቀልበው ቀይ አፈር ግን ሲመረመር ሌላ ጠባይ አለው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወርደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት ሲያጥበው ኖሯል፤ የቀረው አሲዳማነት ያጠቃዋል። ፎስፈረስ ሞልቶ ሳለ ብረትና አሉሚኒየም አንቀው ይዘውታል። ቡናው ፎስፈረሱ አጠገብ ቆሞ ይራባል።

የሚያበላው በዓይን የማይታይ ፈንገስ ነው፤ አርበስኩላር ማይኮራይዛ ይባላል። እንደ እንጉዳይ ከመሬት በላይ ብቅ ብሎ አይታይም። የቡናውን ሥር ሰርስሮ ይገባና በሕዋሳቱ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ቅርንጫፎች ያበቅላል፤ ልውውጡ የሚካሄደው እዚያ ነው። በሌላ ጫፉ ደግሞ ክሮቹን ወደ አፈሩ ይዘረጋል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ በቀላሉ የማይንቀሳቀስ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ሥሩ በዙሪያው ካለችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ የሚገኘውን ጨርሶ ሲቆም ክሮቹ ብዙ ሴንቲ ሜትር አልፈው ይሄዳሉ። ከሥር ፀጉር እጅግ ስለሚቀጥኑም ሥር በማይገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይገባሉ። አገልግሎቱ በነጻ አይደለም፦ ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ከሚያዘጋጀው ምግብ እስከ 20 በመቶ የሚደርሰውን ለፈንገሱ ሊከፍል ይችላል። ስምምነቱም የቆየ ነው፤ በስኮትላንድ ራይኒ በምትባል መንደር፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት በድንጋይ ውስጥ ተጠብቀው በቀሩ ተክሎች ላይ እነዚሁ ቅርንጫፎች ተገኝተዋል። ያኔ ቡና ቀርቶ አበባ የሚያወጣ ተክል በምድር ላይ አልነበረም።

የካፋው ፈንገስ አገር ውስጥ ተጠንቷል። ድሪባ ሙለታ፣ ፋሲል አሰፋና ባልደረቦቻቸው በቦንጋ የተፈጥሮ ቡና ደን በቡናውና በጥላ ዛፎቹ ሥር ያለውን የፈንገስ ዘር ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት ባወጡት ሌላ ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከዛፍ ጋር ተሰባጥሮ የሚበቅል ቡና አፈሩ ውስጥ ያለው የፈንገስ ዘር ለብቻው ከተተከለ ቡና የሚበልጥ ሆኖ አገኙት። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ የጥላ ዛፍ ሲቆረጥ የሚጠፋው ጥላው ብቻ አለመሆኑን ነው።

ከጥላ ዛፎቹ መካከል ብርብራና ሰሳ ተጨማሪ ባለሟል አላቸው። ጥራጥሬ ወገን ስለሆኑ ሥራቸው ላይ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎችና ዘመዶቻቸው ትናንሽ እባጮች ሠርተው ይኖራሉ፤ የአየሩን ናይትሮጅን ተክል ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጣሉ። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑ ለቡናው ይተርፋል። ባቄላ ወይም ቦሎቄ የነቀለ ገበሬም እባጮቹን ያውቃቸዋል፤ በሽታ መስሎት የሚደነግጥም አለ። ሰንጥቆ ቢያይ ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አቁሟል።

ሁሉም ደቂቅ ዘአካል ወዳጅ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የገለጹት የእንሰት አጠውልግ በሽታ መነሻው ባክቴሪያ ነው፤ ቡናን የሚያደርቀው ፉዛሪየም ደግሞ በአፈር ውስጥ የሚቆይ ፈንገስ ሲሆን በአረም ጊዜ ግንዱን በሚያቆስል ገጀራ ይተላለፋል። ከቡና ሥር ዙሪያ ከተለዩ ባክቴሪያዎችና ትራይኮደርማ ከሚባለው ፈንገስ መካከል ፉዛሪየምን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚያግዱ ተገኝተዋል። ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሳህን ማሳ አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ ደቂቅ ማሳ ላይ ሲወጣ በነባሮቹ ተውጦ ቀርቷል።

ታዲያ ወዳጆቹን ደቂቃን ለምን በከረጢት አሽጎ ለገበሬው ማደል አይቻልም? ለጥራጥሬው ይቻላል፤ እየተደረገም ነው። መናገሻ ባዮቴክን የመሰሉ አምራቾች ራይዞቢየምን በዱቄት መልክ አሽገው ይሸጣሉ። ዘሩ በስኳር ውኃ ረጠብ ተደርጎ ጥላ ውስጥ ከዱቄቱ ጋር ይታሽና ወዲያው ይዘራል፤ ፀሐይ ካገኘው ባክቴሪያው ይሞታል። የቡናው ፈንገስ ግን ያለ ሕያው ሥር ለገበያ በሚበቃ መጠን አይራባም። እርሻው ራሱ ሥር ነው፤ ስለዚህ ርካሹና ትልቁ ማምረቻው ደኑ ሆኖ ይገኛል።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ፈንገሱን ሳያውቁትም ሲያራቡት ኖረዋል። የደን አፈር ከፍግና ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው ፕላስቲክ ሲሞሉ፣ ችግኙ ገና ቅጠል ሳያበዛ ፈንገሱን ያገኛል። የፈንገሱ ዘር የሚበዛው በላይኛው የአፈር ክፍል ስለሆነ ጠልቆ መቆፈር ትርፍ ድካም ነው። አፈሩ ቡና ከደረቀበት ቦታ ከመጣ ግን ከወዳጁ ጋር ፉዛሪየሙም ይመጣል። ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ ለችግኙ ማብዛትም አይጠቅም፤ ተክሉ ከጠገበ ፈንገሱን ማስተናገድ ይቀንሳል።

የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ሲመዘግበው ስፋቱ ወደ 760,000 ሄክታር ይጠጋ ነበር። በዚያ ስፋት ላይ ስለ ቡና፣ ስለ ወፉና ስለ ጦጣው ብዙ ተወርቷል። ከደኑ ዳር መሬት ተመንጥሮ ደጋግሞ ሲታረስ ግን መጀመሪያ የሚበጣጠሰው የፈንገሱ ክር መረብ ነው፤ ዛፉ መልሶ ቢተከልም መረቡ ወዲያው አይመለስም። ከዚያ በኋላ የቡና ማይኮራይዛ በከረጢት ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ካለ፣ ገበሬው ከዋጋው በፊት በየትኛው ተክል ሥር እንደተራባና መቼ እንደታሸገ ቢጠይቀው መብቱ ነው።